በሚሄድ ጀልባ ላይ ድሮንን በሰላም የማሳረፍ መመሪያ

«ማስነሣቱ አላስቸገረኝም፤ ጀልባው እየሄደ እንዴት ነው የማሳርፈው?» የምትል ጥያቄ ሳትደርሰኝ የምታልፍ ሳምንት የለችም። ጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ እንደ እኔ ሲያትል አካባቢ ፑጀት ሳውንድ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ ሠርግና የዓሣ ማጥመድ ጉዞ የሚቀርጹ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከባሕር ዳርና ከላንጋኖ የሚደውሉ ናቸው። በስልክ ሃያ ጊዜ ከመድገም አንድ ጊዜ በሥርዓቱ መጻፍ ይሻላል ብዬ ይኸው ጻፍኩት።

መመሪያው ከ250 ግራም እስከ አንድ ኪሎ ለሚመዝኑ ባለ አራት ፕሮፔለር የካሜራ ድሮኖች ነው። ጀልባው ከ6 እስከ 20 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ሰው የሚንቀሳቀስበት ክፍት ቦታ ያለው ይሁን። ስለ ትልቅ መርከብ መጨረሻ ላይ ጥቂት እላለሁ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ

ድሮን ጀልባ የሚባል ነገር አያውቅም። ጣታችሁን ከመቆጣጠሪያው ማንሻ ላይ ስታነሡ ጂፒኤሱን ተከትሎ ባለበት ይቆማል፤ የሚቆመው ግን ከምድር አንጻር እንጂ ከእናንተ አንጻር አይደለም። ጀልባችሁ በ10 ኖት ቢሄድ በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ይጓዛል። በአሥር ሰከንድ ውስጥ ድሮኑን 50 ሜትር ጥላችሁት ትሄዳላችሁ ማለት ነው። ከኋላችሁ ከነበረ ራቃችሁት፤ ጉዳት የለውም። ከፊታችሁ ከነበረ ግን የካቢኑ መስታወት ወይም የአንቴናው ምሰሶ እየገሰገሰ ሄዶ ይመታዋል። ከዚህ በታች ያለው እርምጃ ሁሉ ከዚህች ነገር የሚመነጭ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሦስት ሰዎች፦ አብራሪ፣ ያዥ (ድሮኑን ከአየር ላይ በእጁ የሚይዘው) እና ጀልባ ነጂ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ድሮኑን መሬት ላይ አሳርፉት።
- ለያዡ ምላጭ የማይቆርጠው የእጅ ጓንት፦ ሥጋ ቤት ወይም መስታወት የሚቆርጡ ሰዎች የሚያደርጉት ዓይነት። ወፍራም የክረምት ጓንት አይሆንም፤ ፕሮፔለሩ ክሩን ይጠመጥመዋል።
- የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ለያዡም ለአብራሪውም።
- ላይፍ ጃኬት፣ ለሁሉም። ዓይኑ ሰማይ ላይ የተተከለ ሰው እግሩን አያይም።
- ከድሮኑ እግር በታች የሚታሰር ማራዘሚያ፣ ከተገኘ። እጅንና ፕሮፔለርን በአሥር ሳንቲ ሜትር ማራራቅ ትልቅ ነገር ነው።
- ረጅም እጀታ ያለው የዓሣ መረብ፦ ድሮኑን ከአየር ለመቅለብ ሳይሆን ውኃ ላይ ከወደቀ ለማንሣት።
- ሙሉ ቻርጅ የተደረጉ ባትሪዎች፣ በንጹሕ ውኃ የራሰ ጨርቅና ደረቅ ጨርቅ።

ከቤት ሳትወጡ የሚስተካከሉ ነገሮች

እነዚህን ጀልባው ላይ ሆናችሁ አታስተካክሉ። በፀሐይና በውኃ ነጸብራቅ መካከል የስልክ ማያ ላይ ትንንሽ ጽሑፍ መፈለግ ስሕተት መጥራት ነው።

*የመመለሻ ቅንብር።* ድሮኑ ከመቆጣጠሪያው ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርግ አፕሊኬሽኑ ያስመርጣል፦ ወደ መነሻው መመለስ፣ ማረፍ፣ ወይም ባለበት መቆም። ለጀልባ «ባለበት መቆም» የሚለውን ምረጡ። መነሻ ብሎ የመዘገበው ቦታ ጀልባው ከግማሽ ሰዓት በፊት የነበረበት ውኃ ነው፤ እዚያ ሄዶ ያርፋል፤ ማለትም ይሰጥማል። ባለበት ከቆመ ግን ጀልባውን አዙራችሁ ወደ እሱ ስትቀርቡ ግንኙነቱ ሊመለስ ይችላል። የመጀመሪያ ድሮኔን የበላው ያ የተመዘገበ መነሻ ነው። «ተመለስ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኜ ቡናዬን እየጠጣሁ ስጠብቀው፣ በማያው ላይ የሚታየው ውኃ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ ጨለመ።

*የእንቅፋት መከላከያ።* እንዴት እንደሚጠፋ እዚያው ቤት ተለማመዱ። በሚያርፍበት ሰዓት ይህ ሴንሰር ከበራ ድሮኑ ጀልባውን እንደ ግድግዳ ቆጥሮ አልጠጋም ይላል፤ ወይም በመጨረሻው ሰዓት በራሱ ፈቃድ ወደ ጎን ይሸሻል።

*የማረፊያ ጥበቃ።* ከታቹ ያለው ሴንሰር የያዡን እጅ ሲያይ «መሬት ደረስኩ» ወይም «እንቅፋት አለ» ብሎ ወደ ላይ ይዘላል። የናንተ ሞዴል የሚፈቅድ ከሆነ አጥፉት። የማይፈቅድ ከሆነ ያዡ ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ አንድ ጊዜ ከሸሸው በኋላ ተንጠራርቶ ሊይዘው እንዳይሞክር።

*ኮምፓስ።* መስተካከል ካለበት ብረት በሌለበት ሜዳ ላይ ይስተካከል። የብረት ወለል ላይ ኮምፓስ ያስተካከለ ሰው ስሕተቱን ድሮኑ ውስጥ ጽፎ ነው የሚያስነሣው። ምልክቱ ይታወቃል፦ ድሮኑ ባለበት መቆም ሲገባው እየሰፋ የሚሄድ ክብ መሥራት ይጀምራል።

*ፈቃድ።* በአሜሪካ ለሥራ የሚበር ድሮን በሚያዝበት በክፍል 107 ደንብ መሠረት ከሚንቀሳቀስ ጀልባ ላይ ማብረር የሚፈቀደው ሰው ባልበዛበት አካባቢ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ድሮኑን ለማስገባትም ለማብረርም አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

አሠራሩ፣ ደረጃ በደረጃ

1. ሜዳ ላይ ተለማመዱ። ያዡ ጓንቱን አድርጎ በኳስ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይራመድ፤ አብራሪው ደግሞ ድሮኑን ከጎኑ ሁለት ሜትር አርቆ እኩል ያስኪደው። ያዡ ሳይቆም እየተራመደ ይያዘው። ሰው በእግሩ ሲራመድ ከ2 እስከ 3 ኖት የሚሄድ ጀልባ ያህል ነውና ልምምዱ የልጅ ጨዋታ አይደለም። አምስት ጊዜ በተከታታይ ካልተሳካላችሁ ውኃ ላይ አትውጡ።

2. ነፋሱን ደምሩ። የአየር ሁኔታ ትንበያው የሚነግራችሁ የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው፤ ድሮኑ የሚታገለው ግን ከነፋሱና ከጀልባው ድምር ጋር ነው። ነፋስ በሰከንድ 6 ሜትር ከፊት እየመጣ፣ ጀልባው በሰከንድ 5 ሜትር ወደ እሱ የሚሄድ ከሆነ፣ ድሮኑ እናንተን ለመከተል በሰከንድ 11 ሜትር አየር መቅዘፍ አለበት። እንደ ዲጄአይ ሚኒ 4 ፕሮ ያለ ትንሽ ድሮን የሚቋቋመው ነፋስ በአምራቹ መግለጫ 10.7 ሜትር በሰከንድ ነው። ጀልባው ወደ 2 ሜትር በሰከንድ ዝግ ካለ ድምሩ 8 ይሆናል፤ ይህ ይቻላል። ጣና ላይ የምትሠሩ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት መዞር ስላለበት ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ለነፋስ የሚተርፈውም ጉልበት ያንሳል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይነሣ ጠዋት ሥሩ።

3. ቃል ተስማሙ። ሦስት ቃል ይበቃል። አብራሪው «እየመጣ ነው» ይላል፤ ያዡ «ያዝኩ» ይላል። «ውጣ» የሚለውን ቃል ግን ማንም ሊናገረው ይችላል፤ ከተነገረ አብራሪው ምክንያት ሳይጠይቅ ድሮኑን ወደ ላይና ወደ ውጭ ያወጣዋል። ከነዚህ ሌላ በዚያ ሰዓት ወሬ የለም። ሠርግ ላይ ከሆናችሁ ሙዚቃው ይቀነስ፤ እልልታውም ከያዛችሁ በኋላ ይሁን። ለጀልባ ነጂው በተለይ ይህን ንገሩት፦ ድሮኑ ሲጠጋ አይቶ ሊረዳችሁ ብሎ ፍጥነት እንዳይቀንስ። ካየኋቸው ግጭቶች ብዙዎቹ ከዚህ ደግነት የመጡ ናቸው፤ ጀልባው ዝግ ሲል በጀልባው ፍጥነት ሲበር የነበረው ድሮን ወደ ፊት ተወርውሮ ይመጣል።

4. በ40 በመቶ ባትሪ መመለስ ጀምሩ። መሬት ላይ 25 በመቶ ይበቃ ይሆናል። እዚህ ግን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሞክሮ መውጣት ያለ ነገር ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ባትሪው እጅግ ሲያንስ ድሮኑ ሳያማክራችሁ በራሱ ማረፍ መጀመሩ ነው፤ ከበታቹ ያለው ውኃ መሆኑ አያግደውም።

5. ጀልባውን አዘጋጁ። ፍጥነቱ ከ3 እስከ 4 ኖት ይሁን፤ አቅጣጫው ነፋሱ ከፊት በአንድ ጎን በኩል ገደድ ብሎ እንዲመጣ ሆኖ ይያዝ። «ለምን ሞተሩን አናጠፋውም?» ትሉ ይሆናል። ውኃው መስታወት ከሆነ አጥፉት፤ ከሁሉ የቀለለው እሱ ነው። ማዕበል ካለ ግን የቆመ ጀልባ መሪው አይሠራለትም፤ ጎኑን ለማዕበሉ ይሰጥና ከግራ ቀኝ መንገዋለል ይጀምራል። ዝግ ብሎ የሚሄድ ጀልባ ከቆመ ጀልባ ይልቅ የረጋ ነው። ነጂው አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ «ያዝኩ» እስኪባል ምንም አይቀይር።

6. ቦታ ምረጡ። ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ያለው የኋላ ማዕዘን ነው የተሻለው። አንደኛ፣ አብራሪው ጣቱን ቢያነሣ ጀልባው ከድሮኑ ይርቃል። ሁለተኛ፣ ድሮኑ ኃይል ቢያጣ ነፋሱ ከሰው አርቆ ነው የሚወስደው። ካቢኑ ረጅም ከሆነ ግን ከኋላው አየሩ ይሽከረከራል፤ ድሮኑ እዚያ ሲገባ ድንገት አንድ ሜትር ቁልቁል ሊወርድ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ያዡ ከካቢኑ ጥላ ወጣ ብሎ ወደ ጎን ይቁም። ከራዳርና ከአንቴና ራቁ፤ የዓሣ ዘንጎችንና የባንዲራ ምሰሶዎችን አስወርዱ።

7. ያዡ ይቁም። እግሩን ከፈት፣ ጉልበቱን ለስለስ አድርጎ፣ ዳሌውን መደገፊያው ብረት ላይ አስጠግቶ ይቁም። አንድ እጁ ለጀልባው፣ አንድ እጁ ለድሮኑ ነው። የሚይዘውን እጁን ከራሱ በላይና ከፊቱ ራቅ አድርጎ ይዘርጋ። ድሮኑ በአናቱ ትክክል እንዲመጣ ግን አይፍቀድ።

8. ድሮኑን ከጎን አሰልፉት። ከጀልባው አምስት ወይም ስድስት ሜትር ራቅ አድርጋችሁ፣ ከያዡ እጅ በላይ ሁለት ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ አፍንጫው ጀልባው ወደሚሄድበት እንዲዞር አድርጉ። አፍንጫችሁና አፍንጫው ወደ አንድ አቅጣጫ ካዩ ግራው ግራችሁ፣ ቀኙ ቀኛችሁ ነው፤ በጭንቅ ሰዓት አታስቡበትም። የእንቅፋት መከላከያውን አሁን አጥፉ። ስፖርት የሚባለውን የፍጥነት ደረጃ አትጠቀሙ፤ ለትንሽ ንክኪ ብዙ ይሮጣል።

9. እስኪቆም ጠብቁ። የመመሪያው ልብ ይህ ነው። የቀኙን ማንሻ በጥቂቱ ወደ ፊት ገፍታችሁ ያዙት፤ ድሮኑ ከጀልባው እኩል እስኪሄድ ድረስ በእህል ፍሬ ያህል ጨምሩ፣ ቀንሱ። ዓይናችሁን ከማያው ላይ አንሡና ድሮኑን እዩት። ውኃው ከበታቹ ወደ ኋላ ይሮጣል፤ ድሮኑ ራሱ ግን በምስማር አየር ላይ እንደ ተቸነከረ ይመስላል። በዚያ ሁኔታ አሥር ሰከንድ ቁጠሩ። ሰባት ላይ ቢያፈገፍግ እንደ ገና ከአንድ ጀምሩ። ይህን ሳያገኙ የሚጠጉ ሰዎች ሁለት ፍጥነት ባንድ ጊዜ ሊያስተካክሉ ይሞክራሉ፤ ወደፊቱንም ወደጎኑንም። አይሆንላቸውም።

10. ወደ ጎን ብቻ አስገቡት። «እየመጣ ነው» በሉ። የወደፊቱን ግፊት ሳትለቁ ማንሻውን በጣም በዝግታ ወደ ጀልባው በኩል አዘንብሉት። ከፍታው ከያዡ እጅ ትንሽ በላይ ይሁን። ከእጁ አንድ ሜትር ሲቀረው ወደ ጎን መምጣቱን አቁሙና የማዕበሉን ትንፋሽ አዳምጡ። ማዕበል በቡድን በቡድን ይመጣል፤ ሦስት አራት ትልልቅ ካለፉ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ፋታ ይኖራል። ያንን ፋታ ጠብቃችሁ የመጨረሻዋን ሜትር ጨርሱ።

11. ያዡ ከታች ይያዝ። አውራ ጣቱንና ሌሎቹን ጣቶች ከፍቶ፣ የድሮኑን ሆድ ከሥር ወደ ላይ ይጨብጠዋል፤ ማራዘሚያ እግር ካለው እግሩን። ከጎን የሚመጣ እጅ ፕሮፔለር ያገኘዋል። አንዴ ከጨበጠ አይልቀቅ፤ ግማሽ የተያዘ ድሮን ካልተያዘው የባሰ ነው። «ያዝኩ» ይበል።

12. አብራሪው ደስ ብሎት ጣቱን እንዳያነሣ። እዚህ ላይ ነው ብዙ እጅ የተቆረጠው። ድሮኑ እጅ ውስጥ ነው፤ እሱ ግን አሁንም እየበረረ ይመስለዋል። አብራሪው የቀኙን ማንሻ ድንገት ከለቀቀ ድሮኑ «ቁም» የሚል ትእዛዝ ይሰማል። ጀልባው ግን ይዞት እየሄደ ነው። ቦታዬን ለቀቅሁ ብሎ ወደ ኋላ ተጋድሞ በሙሉ ኃይሉ መጎተት ይጀምራል፤ የሞተሩ ድምፅ ወደ ጩኸት ሲለወጥ ትሰሙታላችሁ። ስለዚህ በቀኝ አውራ ጣት የወደፊቱን ግፊት እንደ ያዛችሁ፣ በግራ አውራ ጣት የከፍታውን ማንሻ እስከ መጨረሻው ወደ ታች ስባችሁ፣ ፕሮፔለሮቹ እስኪቆሙ ያዙት። ጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። አልቆም ካለ ያዡ ክንዱን ከፊቱ አርቆ ድሮኑን በእጁ እንደ ጨበጠ ይገልብጠው፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች ድሮኑ ከ90 ዲግሪ በላይ ሲዘም ሞተሩ ይጠፋል። የናንተው እንዲህ ያደርግ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ሜዳ ላይ አረጋግጡ።

13. አጥፉ፣ ጥረጉ። ባሕር ላይ ከነበራችሁ በራሰው ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቁ ሰውነቱን ጥረጉት። ጨው ሞተሩ ውስጥ ሆኖ ነገ ነው ሥራውን የሚጀምረው።

ሦስት ጊዜ ካልተሳካ

አራተኛ አትሞክሩ። እጅ ደክሟል፣ ባትሪ ወርዷል፣ ሰው ተናድዷል። ዳርቻ ቅርብ ከሆነ ድሮኑን ሜዳ ላይ አሳርፋችሁ ጀልባውን ወደዚያ ውሰዱ። ቅርብ ካልሆነ ጀልባውን የደሴት ወይም የገደል ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በማያገኘው ቦታ አስገቡና እዚያ ሞክሩ።

ዘወትር የማያቸው ስሕተቶች

ያዡ ከመደገፊያው ውጭ ይንጠራራል። ድሮን ይተካል፤ እጁን ወደ ድሮኑ አይውሰድ፣ ድሮኑ ወደ እጁ ይምጣ።

አብራሪው ራሱ ሊይዘው ይሞክራል፤ መቆጣጠሪያውን በአንድ እጅ፣ ድሮኑን በሌላው። ቆሞ ባለ ጀልባ ላይ ያደረጉት ሰዎች አሉ። በሚሄድ ጀልባ ላይ ግን ደረጃ 12ን ማን ይፈጽመዋል? ሁለት ማንሻ ባንድ አውራ ጣት አይያዝም።

ድሮኑን የሚወዛወዝ ጀልባ ወለል ላይ ማብራት። ሲበራ ውስጡ ያለው የሚዛን ሴንሰር ፀጥታ ይፈልጋል። ያዡ በእጁ ይዞት የጀልባውን መወዛወዝ በጉልበቱ ይዋጥለት፤ ማስነሣቱም ከእጅ ይሁን።

የውኃ ላይ ሴንሰርን ማመን። ከሥሩ ያለው ካሜራ ቦታውን የሚይዘው የመሬትን መልክ አይቶ ነው፤ ማዕበል መልኩን ስለሚለዋውጥ ድሮኑ ከማዕበሉ ጋር ሊንሸራተት ይችላል። ከውኃው በላይ ከሁለት ሜትር በታች አትውረዱ።

ውኃ ውስጥ ከወደቀ

ሰው ተከትሎት አይዝለል። በመረቡ ካወጣችሁት ባትሪውን ወዲያው ንቀሉ፤ «ይሠራ እንደ ሆነ ልየው» ብላችሁ አታብሩት። ጨዋማ ውኃ የነካው የሊቲየም ባትሪ ሰዓታት ቆይቶ ሊቃጠል ይችላል፤ ካቢን ውስጥ ወይም ቦርሳ ውስጥ አታስገቡት፤ ክፍት ቦታ ላይ፣ ከሚቃጠል ነገር አርቃችሁ አስቀምጡት። ዳግም ቻርጅ አይደረግም።

ትልቅ መርከብ ከሆነ

ሰፊ ወለል ያለው መርከብ ላይ እጅ አያስፈልግም፤ የማይንሸራተት ምንጣፍ ዘርግቶ ማሳረፍ ይቻላል። ደረጃ 8 እና 9 ግን አይቀሩም። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው። ድሮኑ ወለሉ ላይ ዝቅ ሲል ጂፒኤሱ «እየሄድኩ ነው» ይላል፤ ከሥሩ ያለው ካሜራ ደግሞ ከእሱ እኩል የሚሄደውን ወለል አይቶ «ቆሜአለሁ» ይላል። ሁለቱ ሲጣሉ ድሮኑ ይንቀጠቀጣል ወይም ወደ ጎን ይስፈነጠራል። ስለዚህ የሥሩን ካሜራ ማጥፋት የሚቻል ከሆነ አጥፉት፤ በራሱ ቀስ ብሎ የሚያርፍበትንም ቁልፍ አትጫኑ። አንድ ሜትር ላይ መርከቡ ከመወዛወዝ ፋታ እስኪያገኝ ጠብቃችሁ፣ ሳትዘገዩ በማንሻው አውርዱትና ፕሮፔለሩ እስኪቆም የግራውን ማንሻ ወደ ታች ያዙ። ከቆመ በኋላ ከወለሉ ለማንሣት ቅድሚያ ለነጂው ምልክት ስጡት፤ ድሮን ለማንሣት ያጎነበሰ ሰው ባለበት መርከቡ መዞር የለበትም።